ከክሊኒክ የተተወ ውሻ በአደራ ከመቀበላችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት የሰፈሬ ልጅ ደወለችልኝ። ክሊኒክ ውስጥ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ውሻ አይታ አልቅሳለች። «እትዬ፣ ዛሬውኑ ልውሰደው?» አለችኝ። ልቧን ወደድኩት፤ «ውሰጂው» የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። «ነገ ጠዋት ነይና ቡና እየጠጣን እናውራ። ዛሬ እዚያው ይደር» አልኳት። በማግስቱ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት አንድ ቡችላ ሞቶብኛል፣ እጄን ተነክሻለሁ፣ ከሁለቱም የባሰ ነገርም በእኔ ምክር የተነሳ ደርሷል።

የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን በሚወስደው በኩል ነው። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቤት እውላለሁ። በአቅራቢያችን አንዲት ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ አለች፤ ሥራዋ በአብዛኛው የወተት ላምና ዶሮ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ለዶሮዎቼ መድኃኒት ልገዛ ስገባ፣ ከጓሮ ካሉት ሁለት የሽቦ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ቡናማ ውሻ አየሁ። የመጣው ለእግሩ ቁስል ነበር። ባለቤቱ የሦስት ቀን ሒሳብ ከፍሎ «መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ቁስሉ ዳነ፣ ሦስት ሳምንት አለፈ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ግን ዝግ ነው። መኪና በበሩ ባለፈ ቁጥር ውሻው ብድግ ይልና ጆሮውን ያቆማል። ድምፁ ሲርቅ ተመልሶ ይተኛል። 

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ደግ ነው፤ ግን ጨንቆታል። «እትዬ፣ እዚህ ማቆያ የለንም። ነገ ሌላ በሽተኛ ቢመጣ የት አስገባዋለሁ?» አለኝ። ገመድ ተውሼ፣ አንድም ነገር ሳልጠይቅ፣ ይዤው ወጣሁ። ስሙን ስለማናውቅ ቦቢ አልነው።

ቤቴ ውስጥ ቡቺ የምትባል የሦስት ወር ቡችላ ነበረችን። የልጄ ናት። ክትባት የወሰደችው አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን «ገንዘብ ስናገኝ» እያልኩ አሳልፌዋለሁ። ቦቢን በበሩ አስገብቼ ገመዱን ፈታሁለት። ተሽታተቱ፣ ከአንድ ሳህን በሉ፣ እኔም ደስ አለኝ። በስድስተኛው ቀን ቡቺ ምግብ እምቢ አለች። ማታ አስታወከች። ሌሊቱን ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው ከአፍንጫ የማይጠፋ ተቅማጥ ያዛት። ፓርቮ የሚባለው፣ በተለይ ቡችላን የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነበር። ለካ ቦቢ ክሊኒክ ውስጥ በተኛበት በዚያው ሳምንት ከጎኑ ባለው የሽቦ ቤት ፓርቮ የያዘው ቡችላ ሲታከም ነበር። ቫይረሱ በቦቢ ጠጉርና መዳፍ፣ ምናልባትም በእኔው ጫማ፣ ቤታችን ገባ። ዶክተሩ ቡችላ እንዳለኝ አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም።

ቡቺ በሦስተኛው ቀን ግሉኮስ እግሯ ላይ እንደተሰካ ሞተች። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ለሳምንታት ቦቢን ዞር ብሎ አላየውም።

ስለዚህ አንደኛው ነገር ይህ ነው። ፓርቮን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሐኪም የሚችለው የወጣውን ፈሳሽ መተካት፣ ማስታወኩን ማስታገስና ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደረብ መከላከል ነው፤ ቀሪውን የቡችላው ሰውነት ይታገለዋል። የሚከላከለው ክትባት ነው፤ እሱም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ፣ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው መቀጠል አለበት። እኔ እንዳደረግኩት አንዱን ወስዶ መቆም ጨርሶ ካለመከተብ ብዙም አይሻልም። ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት፣ እስከ አንድ ዓመትም ይቆያል፤ በተራ ሳሙና አይሞትም። የሚገድለው በረኪና ነው። መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥባችሁ አንሱ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አፍሱበትና ቢያንስ አሥር ደቂቃ አቆዩት። የአፈር ግቢ ከሆነ በረኪናም በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ እኔ ለአንድ ዓመት ቡችላ አላስገባሁም።

አሁን ማንኛውም የተተወ እንስሳ ወደ እኔ ሲመጣ 14 ቀን ለብቻው ነው የሚቆየው። የድሮው ማብሰያ ቤቴ ሲሚንቶ ወለል ስላለው እሱን ለዚህ አድርጌዋለሁ። ሳህኑ የራሱ፣ ገመዱ የራሱ፣ እኔም እዚያ ስገባ የማደርገው ነጠላ ጫማ በሩ ላይ የሚቀር። የራሴን ውሻ አስቀድሜ አበላለሁ፤ እንግዳውን መጨረሻ ላይ። አሥራ አራት ቀን ረጅም ነው፤ እንስሳው ያለቅሳል፤ አንጀት ይበላል። በሩን ግን አትክፈቱ።

ስለ ምግብ አጠር አድርጌ ልናገር። የከሳ ውሻ ስናይ ወጥ በእንጀራ ፈትፍተን እንሰጣለን። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ ቢበስሉም ያው ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሥጋ ቤት የምናመጣውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ። በበግና በከብት ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ውሻው ያንን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ በእጃችን በኩል ወደ እኛ ይገባና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እባጭ ያበቅላል። ለበዓል በየግቢው ሲታረድ ይህን አስታውሱ። ሳንባው በደንብ ይቀቀል፣ ከሩዝ ጋር ይሰጥ፣ የትላትል መድኃኒትም ሐኪሙ ባለው ጊዜ ይሰጥ።

የሁዳዴ 55 ቀን ደግሞ ያልጠበቅኩት ፈተና ነበር። የሠፈሬ ሥጋ ቤቶች ተዘጉ፤ እናቴም በጾም ቤት ውስጥ ሥጋ ይቀቀላል ብላ ተቆጣች። የተስማማነው የውሾቹ ድስት ለብቻው ሆኖ ውጭ በከሰል ምድጃ ላይ እንዲቀቀል ነው። እንቁላል እገዛለሁ፤ ሳንባ ከሙስሊም ሥጋ ቤት አመጣለሁ። እናንተም ከጾሙ በፊት አስቡበት፤ በጾም መሀል የሚጣሉ ውሾች የሚበዙትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስህተት የደረሰው በጥቅምት ነው። ቦቢ የአንገቱ ገመድ ጠብቆበት ላላላለት ጎንበስ አልኩ። እጄን ነከሰኝ። ከዚያ ራሱ ደንግጦ ከአልጋ ሥር ገባ። ኋላ ጠጉሩን ገልጬ ሳየው አንገቱ ዙሪያውን የድሮ የሽቦ ጠባሳ ነበር። ያንን የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ስልኩን ዘግቷል እንጂ።

ደሜ እየፈሰሰ የመጀመሪያው ሐሳቤ የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። የክትባት ደብተር የለውም፤ ተከትቦ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዷ ስለ መድኃኒት አዋቂ አወራች፣ አንዱ ዱላ ይዞ መጣ። እዚህ ላይ ያደረግኩትን በደንብ አንብቡት፤ ዶክተሩ በስልክ እየመራኝ ያደረግኩት ስለሆነ እንጂ ከራሴ አይደለም። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩ፤ በሰዓት ቆጥሬ። ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ክትባቱን በዚያው ቀን ጀመርኩ። እምብርት ዙሪያ ይወጋል እየተባለ ይወራል፤ እኔ የተወጋሁት ክንዴን ነው። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይመጣ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ጠበልም ብትሄዱ፣ ጸሎትም ብታደርሱ፣ ከጤና ጣቢያው በኋላ ይሁን።

ውሻው እንዳይገደል ለምኜ አስተረፍኩት። ለርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከጨረሰ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ የነከሰ ውሻ ተዘግቶበት ይጠበቃል እንጂ አይገደልም፣ አይባረርምም፤ ቢጠፋ የምታውቁት ነገር ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ክትባቱን ግን አሥሩ ቀን እስኪያልቅ ብላችሁ አታዘግዩት። በእነዚያ አሥር ቀናት በየማለዳው በበሩ ቀዳዳ ውኃ ሲጠጣ ለማየት አጮልቄያለሁ። ጠጣ። በአሥራ አንደኛው ቀን በሩን ከፈትኩ።

«መጋቢት ላይ ተከትቧል፤ አንገቱን አትንኩት።» ባለቤቱ ይህችን አንድ መስመር ጽፎልኝ ቢሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ። 

ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ የተተወ እንስሳ ሲኖረው ይደውልልኝ ጀመር። እኔም ጥለው የሚሄዱትን ሰዎች መጥላት ጀመርኩ። አንዲት ድመት ልትሰጥ የመጣች ሴት በሰው ፊት «ልጅሽንም እንዲህ ትጥያለሽ?» ብያታለሁ። በካርቶን ላይ በትልቁ «እንስሳ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው፤ እግዚአብሔር ያያል» ብዬ ጽፌ ዶክተሩን የክሊኒኩ በር ላይ እንዲሰቅለው ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ለሁለት ወር አንድም ሰው ጥሎ አልሄደም። ተሳካልኝ አልኩ።

አልተሳካም። ሰዎቹ በቀን መምጣቱን ተዉና በሌሊት ማሰር ጀመሩ። ጠዋት ጥበቃው ሲመጣ በሩ ላይ የታሰረ ውሻ ያገኛል። ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ የታመመው ምኑን እንደሆነ የሚናገር የለው። እዚህ ዳር ሠፈር ደግሞ ሌሊት ጅብ ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ጥበቃው ደውሎ ጠራኝ። ስደርስ በሩ ላይ የቀረው ቋጠሮውና አንድ ክንድ የማይሞላ ገመድ ነበር፤ መሬቱ ደም ነው። ታስሮ ስለነበር መሮጥ እንኳ አልቻለም።

ሰው ሞቶ ጠያቂ ሲያጣ «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን። የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለታችን ነው። እዚያ ቆሜ የዚያን ውሻ ደም የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ከተጠያቂዎቹ አንዷ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ካርቶኑን በእጄ ቀደድኩት። በምትኩ «ማቆየት ካልቻላችሁ ግቡና አነጋግሩን፤ አንቆጣም» የሚል ጻፍን። «አንቆጣም» የሚለውን የጨመረው ዶክተሩ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ አንድ አዛውንት ከበሩ ማዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው አየሁ። አጠገባቸው ጥቁርና ነጭ ውሻ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ይግቡ፤ ፀሐዩ ይጎዳዎታል» አልኳቸው። ወንበር ሰጠናቸው። መሀል ከተማ ዕድሜያቸውን የኖሩበት ግቢ ለልማት ተነስቶ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገብተዋል። ውሻው ደረጃውን ይፈራል፤ ሌሊት ሲጮህ ጎረቤት ይቆጣል፤ ልጃቸው «ወይ ውሻው ወይ እኛ» ብላለች። «ማታ መጥቼ አስሬው ልሄድ ነበር ያሰብኩት፤ ማስታወቂያውን ሳነበው ቆምኩ» አሉኝ። ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ የክትባት ደብተር አወጡ፤ ከመታወቂያቸው ጋር አብሮ ነበር የተቀመጠው።

ሁሉንም ነገሩን። ስሙ ጓዴ፣ ዕድሜው ሰባት። ነጎድጓድ ሲሰማ ከጨለማ ቦታ ይገባል፤ እዚያ ተዉት። ሕፃን ይወዳል፣ ሰካራም አይወድም። ግራ ጆሮው በየክረምቱ ይመግላል። ሲበላ ከኋላው አትምጡ። እኔ እየጻፍኩ ነበር፤ ገጹ ሲሞላ አገላበጥኩት። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስለ ጓዴ ያወቅኩት ስለ ቦቢ በሦስት ዓመት ካወቅኩት ይበልጣል። 

ያ ደብተር አሁን ክሊኒኩ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የአደራ ደብተር እንለዋለን። እንስሳ በአደራ ልትቀበሉ ከሆነ እንዲህ ያለ ገጽ ሳይሞላ አትቀበሉ። ባለቤቱ ከጠፋም ሐኪሙ የሚያውቀውን ያህል ሙሉ፤ ባዶ የቀረው ቦታ ምኑን መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል። መቼ ተከተበ፣ ለምኑ? ማንን ነክሷል? ሰው ምኑን ሲነካው ይደነግጣል? ከድመት፣ ከዶሮ፣ ከልጅ ጋር ኖሯል? አጠገቡ የታመመ እንስሳ ነበር? ይህን የመጨረሻውን እኔ ስላልጠየቅኩ ቡቺን አጣሁ። ሴት ከሆነች እንዳትወልድ ተደርጋለች ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ ካልሆነች ሳትመክን ለማንም አትስጡ። በእኛ ክሊኒክ ያ ቀዶ ሕክምና ስለማይሠራ ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወስደን እናውቃለን፤ ከእኛ ሠፈር ሩቅ አይደለም።

ገንዘቡንም በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ። በእኛ ስምምነት የሐኪሙ ድካም ከክሊኒኩ ነው፣ ምግብና መድኃኒት ከእኔ። የአደራው ቀንም ይጻፍ። እኔ ሁለት ወር እጽፋለሁ፤ ሁለት ወር ሲሞላ ከዶክተሩ ጋር ተቀምጠን ስለ እንስሳው እንወስናለን። ቀን ካልተጻፈ አደራ ሳታስቡት ባለቤትነት ይሆንና ቤታችሁ ይሞላል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ቦታ አይኖራችሁም። ማብሰያ ቤቴ ውስጥ አንድ ካለ ሁለተኛ አልቀበልም። «አልችልም» ማለት በመጀመሪያ እንደ ጭካኔ ይከብዳል። ከአቅሜ በላይ ሦስት ተቀብዬ አንዱን መድኃኒቱን በሰዓቱ ሳልሰጠው ስላሳደርኩ ነው የተማርኩት።

ስትሰጡም ቤቱን ሄዳችሁ እዩ። ቦቢን አንዴ ለጥበቃ ለፈለገው ሰው ሰጥቼው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ስጠይቀው አንድ ሜትር በማይሞላ ሰንሰለት ፀሐይ ላይ ታስሮ አገኘሁት፤ ያውም አንገቱን! ይዤው ተመለስኩ። እሱ ብቻ የእኔው ሆኖ ቀርቷል፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከስፌት ማሽኔ ሥር ተኝቷል። ልጄም ታረቀው፤ ማታ ማታ ገመዱን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ጓዴን የወሰደችው ገላን ላይ ላም የምታረባ ሴት ናት። ጋሼ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ይዘው በአውቶቡስ ይሄዱለታል።

የሰፈሬ ልጅም ቡናውን ጠጥታ ስትጨርስ አብረን ክሊኒክ ሄድን፤ ገጹን ሞላን። ቤቷ ሌላ ውሻ የለም፣ በር ያለው ክፍል አላት፣ እናቷም እሺ ብላለች። ወሰደችው። ትናንት ደወለችልኝ፤ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ይበላል፣ ሰገራው ጥሩ ነው፣ መዥገሩ ረግፏል። ግን መኪና ባለፈ ቁጥር ተነስቶ በሩን ያያል፤ ስትጠራው አይዞርም፤ ምን ላድርገው አለችኝ።

«አትጥሪው» አልኳት። «ዝም ብለሽ እዚያው ተቀመጪ። ድምፁ ሲርቅ ተመልሶ ሲተኛ አጠገቡ ያግኝሽ።»